ባለ አሥራ አንድ ዓመቷ አዲስ ቺንጋ

ማክሰኞ ጠዋት፣ አዳማ

ከቤት የወጣሁት እህቴን ላመጣ ነው። እትዬ ዘነበች ትባላለች። የምትኖረው ባቱ ነው፤ እኛ ሽማግሌዎቹ አሁንም ዝዋይ የምንላት ከተማ። እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ እሷ በአምስት ትበልጠኛለች፤ ስሌቱን እናንተው ሥሩት፣ እሷ ፊት ግን ድምፃችሁን እንዳታሰሙ። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል። የቀኙ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እዚሁ አዳማ ሊሠራላት ተቀጥሯል።

ይህ ሁለተኛ ቀጠሮዋ ነው። የመጀመሪያው ያለፈው በእኔ ነው። ላመጣት ስሄድ መኪናዬ ሞጆ ሳትገባ ቆመች። ያኔ የሞተው ባትሪዋ ነበር፤ "ገና ይሠራል" እያልኩ ሁለት ዓመት ያባበልኩት ባትሪ። የዓይን ክፍሏ ነርስ በስልክ "አባባ፣ አሁንም ከቀሩ ስማቸው ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፤ ዝርዝሩ ደግሞ ረጅም ነው" ብላኛለች። በሚኒባስ ትምጣ እንዳልል ሽታው ያስመልሳታል። "በተፈራ መኪና ከሆነ እመጣለሁ፤ ካልሆነ ይቅር" ብላ ቁርጡን ተናግራለች።

ተፈራ እኔ ነኝ፤ እንግዲህ ስለ ተፈራ መኪና ትንሽ ላውራ። ነጭ ናት፤ ማለቴ ነጭ ነበረች። ከመጨረሻ ልጄ ትበልጣለች። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ከቆመ ብዙ ጊዜው ነው፤ ስንት እንደሄደች የሚያውቅ የለም። እኔ አርባ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝ፣ ከአዲስ ሱሪ ይልቅ በደንብ የተጣፈ ሱሪ ደስ ይለኛል። መኪናዬንም የያዝኳት እንደ ሱሪ ነው። የሚሠራ ነገር አይነካም የሚል ሕግ አውጥቼ፣ ለቡና ጓደኞቼ ሁሉ ሳስተምር ኖሬያለሁ።

መካኒክ ዕቃ ሲቀይርላችሁ አሮጌውን መልሶ እንደሚሰጣችሁ ታውቃላችሁ፤ መቀየሩን እንድታምኑ ነው። ሌላው ሰው አይቶ ይጥለዋል። እኔ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አስገብቼ የኋላ ኮፈን ውስጥ አኖረዋለሁ፤ አንድ ቀን ያስፈልጋል እያልኩ። እስካሁን ያስፈለገ የለም። ከከረጢቱ ጎን ግን የኩራቴ ዕቃ አለች። የእህቴ ልጅ ከዱባይ ያመጣልኝ አዲስ የታይሚንግ ቺንጋ፣ ከነካርቶኗ፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልላ። ይህች ቺንጋ የሞተሩን የላይና የታች ክፍል እኩል የምታዞር ባለ ጥርስ ጎማ ናት፤ ብትበጠስ ሞተሩም አብሮ ይሄዳል። ከመጣች አሥራ አንድ ዓመቷ። ያለችው ስታልቅ ትገጠማለች ብዬ ነው ያስቀመጥኳት።

ባለቤቴ አስካለ በሩን ስትከፍትልኝ "ቺንጋዋን አስቀየርክ?" አለችኝ።

"አዲሷ አለችኝ እኮ።"

"የት?"

"ኋላ ኮፈን ውስጥ።"

"ኋላ ተኝታ ነው ሞተር የምታዞረው?" አለችና ጨመረች፦ "እሷም እንደ ሱፍህ መሆኗ ነው።"

ሱፉ ለራሴ ሙሉ ልብስ ብዬ የገዛሁት ግራጫ ጨርቅ ነው። ስንቱን ሙሽራ አልብሼ እኔ የራሴን አልቆረጥኩም፤ ለሚገባው ቀን ብዬ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ቀኑ እስካሁን አልመጣም። ክላክስ አድርጌ ወጣሁ።

በመንገድ ላይ

የመረጥኩት አሮጌውን መንገድ ነው። ፈጣኑ መንገድ ላይ ብትቆሙ ከናንተና ከሰማዩ በቀር ማንም የለም። አሮጌው መንገድ ላይ ግን በየዛፉ ሥር ጎሚስታ አለ፣ በየሻይ ቤቱ መካኒክ ነኝ የሚል ይገኛል። አሁን ሳስበው፣ መንገድ የሚመርጠው የት ልቁም ብሎ የሆነ ሰው፣ መኪናው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለች ልቡ ያውቃል።

ሞጆ ላይ ኮንቴይነር የጫኑት ረዣዥም መኪኖች አሰልፈውኝ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ባለፈው የቆምኩባትን ቦታ ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ፤ ያየኝ ሻይ ሻጭ እጁን አውለበለበልኝ። ወደ ደቡብ ታጥፌ ቆቃ ስደርስ ውሃው ጠዋት ላይ እንደሚሆነው ብርማ ሆኖ ተኝቷል። መንገድ ዳር ዓሣ በገመድ ያንጠለጠሉ ልጆች አዩኝ፤ መኪናዬንም አዩ፤ ይህ ሰውዬ አይገዛም ብለው ወዲያው እጃቸውን አወረዱ።

ፉጨቱን የሰማሁት እዚያ ጋ ነው። ቀጭን፣ የውሻ ቡችላ እንደሚያለቅሰው ያለ። መስኮቱን ዘጋሁ። አሁንም አለ። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት፤ ጠፋ። ብዙ ብልሽት የጠገንኩት በዚህ ዘዴ ነው።

መቂ ቁርስ በላሁ፤ ጨጨብሳ በማር፣ ከሻይ ጋር መቶ ሰማንያ ብር። አስተናጋጇ "አባባ፣ ማር ይጨመር?" ብላ ያለ ሒሳብ ጨመረችልኝ፤ ስኳሬን አልነገርኳትም። ከመቂ በኋላ ግራና ቀኙ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። የተደረደሩ ሣጥኖች፣ ውሃ የሚስቡ ሞተሮች፣ ጋሪዎች። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ባቱ ገባሁ።

ማክሰኞ ቀትር፣ ባቱ

እትዬ ዘነበች ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት ነበራት። አሁን አከራይታዋለች፤ ግን እዚያው ግቢ ትኖራለች፣ ወንበሯንም ድምፁ በሚሰማበት በኩል ታስቀምጣለች። ከበሩ ስገባ ተነስታ ቆመች። ልስማት ስጠጋ እጇን አነሳች።

"ሞተሩን አታጥፋው" አለች።

"ሰላም አትዪኝም?"

"ይደርሳል። ምንድን ነው የሚያፏጨው?"

"ነፋስ ነው እትዬ።"

"ቆመህ እኮ ነው ያለኸው። ነፋሱ ብቻውን ነው የሚነዳው?"

በእጇ እየዳሰሰች መጣችና መዳፏን የፊት ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። ጆሮዋን ዘንበል አደረገች። ሐኪም የሕፃን ደረት እንደሚያዳምጥ ነው።

"ኩሽኔታ ነው" አለች። "ቺንጋዋን የሚወጥረው ኩሽኔታ። ግራሶው ደርቋል። እሱ እንዲህ ከሆነ ቺንጋዋም እኩያው ናት። መቼ ነው የቀየርከው?"

ዝም አልኩ።

"ተፌ፣ ሞራው የያዘኝ ዓይኔን እንጂ ጆሮዬን አይደለም። ዝም ስትል ይሰማኛል።"

ከዚያ በኋላ ነው የሳመችኝ።

ምሳ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ከሐይቁ ዳር አስመጣሁ፤ ዳጣና ሎሚ ያለው፣ አንዱ አራት መቶ ብር። እሷ እሾሁን በጣቷ እያወጣች ስትበላ አንዲት አልሳተችም፤ ዓይን ያለኝ እኔ ሁለቴ ታነቅኩ። እየበላን የወፍጮዋን ሥርዓት ነገረችኝ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ፣ አዲሱ በቆሎ ከመምጣቱ በፊት፣ ትሥራም አትሥራም ቺንጋዋን ታስቀይር ነበር። ወንዶቹ ባለ ወፍጮዎች "ደህና ቺንጋ የምትጥል ሴት" እያሉ ይስቁባት ነበር።

"አልጣልኳትም" አለች። "በሩን አየኸው? ማጠፊያው የወፍጮ ቺንጋ ነው። የተቀመጥክበት ዱካም። ከዚያ ሥራ አወጣኋት እንጂ አልገደልኳትም። ደግሞ እናት ሃያ ኪሎ አዝላ ከመጣች በኋላ ቺንጋዋ ብትበጠስ፣ አዝሎ የሚመለሰው ማን ነው? እኔ አይደለሁም። ስለዚህ ቀኑን እኔ መርጬ እቀይራለሁ። እሷ እንድትመርጥ አልተዋትም።"

"ስለዚህ?"

"ስለዚህ በዚች መኪና አልሄድም። ሐሙስ ይለፍ። ሌላ ጊዜ እንሄዳለን።"

ይህን ያለችው ፈጠን ብላ ነው፤ ፈገግ ብላም። ልብስ ሰፊ ሆኜ "ልብሱ አልደረሰም" ስለው ደስ የሚለው ሙሽራ አጋጥሞኝ ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው የሚሸሸው ልብሱን አይደለም። እህቴን አየኋት፤ ገባኝ። ቺንጋዋ በእርግጥ አልቃለች፣ ኩሽኔታውም በእርግጥ ደርቋል፣ እሷ ግን ፈርታ ነበር። መሸሸጊያ ፈልጋ፣ እኔው ሁለት ሰዓት ተኩል ነድቼ ከነፉጨቱ አመጣሁላት።

መሸሸጊያዋን የምነጥቃት በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ "ነገ ይቀየራል" አልኳት። ፈገግታዋ ጠፋ።

ረቡዕ፣ ገመቹ ጋራዥ

ገመቹ ጋራዡን የከፈተው ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ትልቅ ግራር ሥር ነው። አርባ ምናምን ዓመት ይሆነዋል። ልጅ ሳለ የእናቱን በቆሎ አህያ ላይ ጭኖ የእትዬን ወፍጮ ቤት ሲመላለስ ነው ያደገው።

"አካም ቡልተን፣ አዴ ዘነበች" ብሎ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደረች ጠይቆ ወንበር አቀረበላት። ወደ እኔ ዞሮ "አባባ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ ከደጅ የሚያፏጩት?" አለ።

"እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት" አልኩ መኪናዋን እያሳየሁ።

"ደግ፤ ከእርስዎ ቢሆን አልችለውም ነበር።"

ለመፍታት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ክዳኑ ሲነሳ ቺንጋዋ ታየች፤ ጀርባዋ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ፣ ሁለት ጥርሶቿ ተበልተዋል። ገመቹ በጣቱ ነካ ነካ አደረጋት።

"ይቺ አዳማ ልታደርስዎ ትችላለች አባባ። መቂም ላታደርስዎ ትችላለች። አትናገርም። ፍሬን ሲያልቅ ይጮሃል፣ ጎማ ሲያልቅ ይታያል። ይቺ ግን እስከምትበጠስ ደህና ናት።"

አሁን የእኔ ሰዓት ደረሰ። ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ሁለቱን ፌስታል ቀስ ብዬ ፈታሁ። ካርቶኗን በሁለት እጄ ይዤ ለጋብቻ እንደተላከ ሽማግሌ ተራመድኩ። "አዲስ" አልኩ። "የዱባይ።"

ገመቹ አወጣትና ለእህቴ አቀበላት። እሷ ወደ ውጭ ቀለበሰቻት፣ በጥፍሯ ጫረቻት፣ አሸተተቻት። ከዚያ ትንሽ በረታ አድርጋ አጠፈቻት። ደረቅ ቂጣ ሲቆረስ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁ።

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"አዲስ ናት።"

"ስንት ዓመቷ ነው አልኩህ።"

"አሥራ አንድ።"

"የት ነበረች?"

"ኋላ። ኮፈን ውስጥ።"

"አዳማ ፀሐይ ላይ በሚቆም መኪና፣ ብረት ሥር፣ አሥራ አንድ ክረምትና በጋ" አለች እየቆጠረች። "ተፌ፣ ጋግረሃታል።"

ገመቹ ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ አስተያየ። ሳቁን ሊውጠው ሞከረ፣ አልቻለም። "ይቅርታ አባባ፣ የሠራችው ከተቀመጠችው ትሻላለች።"

አርባ ዓመት ክር በጣቴ እየፈተንኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሣጥን ውስጥ የከረመ ክር እንደሚበጠስ ለስንት ተማሪዬ አስተምሬያለሁ። ጎማ ላይ ግን ዕውቀቴ አልደረሰም።

ከተማው ውስጥ የነበረችው ቺንጋ አስመስለው የሠሯት፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ናት። ደህናዋ ሻሸመኔ አለች፤ ከኩሽኔታው ጋር አምስት ሺህ ሁለት መቶ። "የትኛዋ ትምጣ?" አለ ገመቹ። አፌ "አንድ ሺህ" ብሎ ጀምሮ ነበር። እህቴ አንገቷን ቀና አድርጋ እየጠበቀች ነው፤ ርካሿን ብል እንደገና "አልሄድም" እንደምትል ሁለታችንም እናውቃለን። ምራቄን ዋጥኩና "የሻሸመኔዋ" አልኩ።

እዚህ አገር ዕቃ እንዲህ ነው የሚመጣው፦ ገመቹ ሻሸመኔ ላለው ባለ ሱቅ ደወለ፣ እኔ ብሩን በስልክ ላክሁ፣ ባለ ሱቁ ዕቃውን ለአንድ ሚኒባስ ሾፌር ሰጥቶ የታርጋውን ቁጥር ነገረን። ከዚያ ጥበቃ። እኔና እትዬ ሐይቁ ዳር ሄደን ተቀመጥን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው፣ ራሰ በራቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቆመዋል። "እዚህ የቆሙት አንተን ይመስላሉ?" አለችኝ። "እንዴት አወቅሽ?" "ዝም ብለው ሲጠብቁ ይሰማኛል።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዕቃው ከሾፌሩ እግር ሥር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ወጣ። ገመቹ ገጥሞ ሲጨርስ አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት በመፍቻ ይዞ ሁለት ሙሉ ዙር በእጁ አዞረው። "መጀመሪያ በእጅ፤ ከተሳሳትኩ ለእጄ ይነግረኛል" አለ። ከዚያ ቁልፉን አዞርኩ። ፉጨት የለም። እትዬ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ሌላ ድምፅ እየፈለገች እንደሆነ ገባኝ፤ አላገኘችም።

ሐሙስ ንጋት

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ተቀመጠች።  ከመቂ በኋላ መጠየቅ ጀመረች።

"ፍሬኑስ?"

"ሸራው ባለፈው ፋሲካ ተቀይሯል።"

"ጎማው?"

"የፊቶቹ አዲስ ናቸው። የኋላዎቹ ዓመት ይሄዳሉ።"

"ባትሪው?"

"እሱን ሞጆ ጠይቂ።"

አልሳቀችም። ቆቃ ድልድዩን ከማለፋችን በፊት "አቁም" አለች። ዳር ይዤ አቆምኩ። ብርሃኑ ከውሃው ማዶ ገና መምጣቱ ነው። ለሁለት ሰዓት አንድ ሰዓት ከሩብ ቀርቶናል።

"ተፌ፣ ይቺ ዓይን ትንሽ ታሳየኛለች" አለች። "ብርሃን አያለሁ። ሰው ሲቆም ጥላውን አያለሁ። ሲነካኩት እሷም ብትጠፋስ? አንተ አይደለህ የሚሠራ ነገር አይነካም የምትለው?"

የገዛ ሕጌ ዞሮ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሐኪም ስላልሆንኩ አትጠፋም ብዬ ልምልላት አልቻልኩም። እጄን ወደ ኋላ ወንበር ሰድጄ ካርቶኗን አወጣሁና የደረቀችውን ቺንጋ ጭኗ ላይ አኖርኩላት።

"አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት" አልኳት። "ይዤ የመጣሁትን ደግሞ በጣትሽ አይተሽዋል። ሐኪሙ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም፤ እሱ ደህና እንደሚሆን ነግሮሻል፣ የሚያስፈራም ነገር ካለ ነግሮሻል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ቺንጋም ሆነች ዓይን ስላስቀመጥናት አዲስ ሆና አትቆየንም። ትላንት ቀኑን እኔ መርጬ ቀየርኩ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ።"

ቺንጋዋን በጣቷ ዞር ዞር አደረገቻት። አንድ ጥርስ ተሰብራ ወደቀች።

"አሥራ አንድ ዓመት" አለች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀች ነው። "በሁለት ፌስታል።"

"በሁለት።"

ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ንዳ" አለች። "ቀስ በል ግን። አዲስ ቺንጋ አለኝ ብለህ እንዳታብድ።"

ሁለት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነርሷ ስሟን ስትጠራ "አቤት" ያለችው እሷ ናት። እኔ በሩ ላይ አውርጃት ገና መኪና ማቆሚያ እየፈለግኩ ነበር።

ዓርብ፣ እቤት

ፋሻው ዓርብ ጠዋት ተነሳ። ሐኪሙ ጣቱን እያሳየ "ስንት ነው?" ሲላት "ሦስት፤ ጥፍርህን ደግሞ ቁረጥ" አለችው። ብዙ ነገር ፈርቼ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

እቤት ስንደርስ መኪናዋን ዞራ አየቻት። "ነጭ ናት ያልከኝ" አለች። "ነበረች" አልኩ። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ረዘም አድርጋ። የምትለውን ጠበቅኩ። ኮሌታዬን አስተካከለችልኝና አለፈች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አስካለ ሻይ ስታቀርብ እትዬ በረንዳው ላይ ያገኘችውን ሁሉ እያነሳች ታያለች። የስኳር ዕቃውን፣ የእጇን ጀርባ፣ ካርቶኗንም። ካርቶኗን ወደ ብርሃን አቅርባ ቆየች።

"ይቺ ፀሐይ ለምንድን ነው የተሰረዘችው?"

"የቷ ፀሐይ?"

ጣቷን አሳረፈችበት። ጥግ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የፀሐይ ሥዕል አለች፤ መሐሏን መስመር አቋርጧታል። አሥራ አንድ ዓመት አይቻታለሁ። የፋብሪካው ዓርማ ትመስለኝ ነበር፤ ለካ ፀሐይ አታስነኳት ማለቷ ኖሯል።

ይህን ስነግራቸው ሁለቱ ሴቶች ተያይተው ሳቁ። በኋላ አስካለ "ዓይንሽ ገና ነው፣ አትንቀጥቀጪ" ብላ ቆጣ አለች፤ ራሷ ግን አላቆመችም። ሲበርድላቸው እትዬ የግራ ዓይኗን ቀጠሮ ራሷ ተናገረች፦ በቆሎው ከመግባቱ በፊት፣ በጥቅምት።

እነሱን ትቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ቁምሳጥኑን ከፍቼ ግራጫውን ሱፍ አወጣሁ እላችኋለሁ። መስኮት ጋ ወስጄ ወደ ብርሃን ዘረጋሁት። እጥፉ ላይ ብል አንዲት ቀዳዳ አበጅቷል፤ የስንዴ ፍሬ ታህላለች። በሜትር ለካሁ፣ በሳሙና አሰመርኩ፣ አሰብኩበት። የግራ ኪሱ ክዳን ሥር ትገባለች፤ አትታይም።

መቀሱን አነሳሁ።